ያቺ ቀበሮ ምን አደረገችን?

የመንዝ ሰው፣ ዛሬ ተናድጃለሁ፣ ስድብ ቢመስልባችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። ከጣርማ በር ወደ መሃል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የመንዝ ጥብቅ የሣር ሜዳ በሆነው ጓሳ ውስጥ፣ አንዲት ቀይ ቀበሮ በድንጋይ ተወግራ ተገደለች። በጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ አይሱዙ ቆሞ ሾፌሩ ወርዶ እያየ፣ አንዱ በስልኩ እየቀረጸ፣ ትልልቅ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው። ተደውሎልኝ ስደርስ በድናለች። ቪዲዮውን በኋላ በቴሌግራም አየሁት። መሮጥ ትችል ነበር እኮ፣ ሜዳው የሷ ነው፣ ግን ትንሽ ትሄድና ትመለሳለች፣ ትሄድና ትመለሳለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሬሳዋን ሳገላብጥ ነው፣ ጡቷ አግቷል። ጉድጓዷ እዚያው አጠገብ ነበር።

ጥፋቷ ምንድነው? ግልገል በላች ተባለ። ጓንት አድርጌ ሆዷን ከፈትኩት፣ የአይጥ ጠጉርና ጥርስ ብቻ ነው፣ የበግ ጠጉር የሚባል የለም። አልዋሽም፣ አልፎ አልፎ ግልገል የምትወስድ አለች፣ ግን ኑሯቸው አይጥና ፍልፈል ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኝ ፍጥረት፣ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 የማይሞሉ፣ አንድ የሰርግ ዳስ የሚይዘው ሰው ማለት ነው!

አባቶቻችን ጓሳን በቄሮ ሥርዓት (የጥንቱን ነው የምለው፣ ፖለቲካ አታስገቡብኝ) 3 ዓመት አንዳንዴም 5 ዓመት ከግጦሽና ከአጨዳ እየዘጉ አቆዩት፣ ጌሳውም (የዝናብ ልብሱ) ገመዱም የቤት ክዳኑም ከዚያ ነው። 1967 ላይ የመሬት አዋጁ መጣና ሥርዓቱ ፈረሰ፣ መልሶ የጠበቀው ያው የመንዝ ገበሬ ነው። ድንጋይ ያነሱት የማን ልጆች ናቸው ታዲያ?

ቆይ እኔስ? በዱር እንስሳት ማስተርሴን ይዤ በዚህ ሙያ ስንት ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። የዛን ቀን ጠዋት ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ ስለ ማኅበረሰብ ግንዛቤ ፓወርፖይንት እያቀረብኩ ነበር፣ አበሌንም ፈርሜ። ‘ግንዛቤ ተፈጥሯል’ ብዬ ስንት ሪፖርት ጽፌያለሁ። ከድንጋዩ የሚብሰው ደግሞ ውሻችን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ላይ ቀበሮዎቹን የፈጀው ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይሄንን በየቀበሌው እሰብካለሁ፣ የገዛ እናቴ ውሻ ግን እስከ ዛሬ አልተከተበም፣ ሌሊት ሌሊት ጓሳ ሲዞር ያድራል። ግልገሉንም እሱ በልቶት ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ጉድጓዱን ሦስት ቀን ከሩቅ ስንጠብቅ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጠን ልንሄድ ስንል፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሌላ ቀበሮ አይጥ በአፏ ይዛ መጣች። የቀበሮ ቤተሰብ የኔ ልጅ ያንቺ ልጅ አይባባልም፣ አንድ ላይ ያሳድጋል። ሁለት ቡችሎች ብቅ አሉ። ስንት እንደነበሩ እንጃ።

ትላንት እናቴ ደወለች፣ ‘ውሻውን አስሬዋለሁ፣ ለጎረቤቶቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ መርፌውን ይዘህ መቼ ነው የምትመጣው?’ አለችኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ መኪናው ካልተበላሸ። እናንተም አስራችሁ ጠብቁኝ።