ጭሱ ቢበተንም መርዙ አይጠፋም

«የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳቡን ለማውጣት ሜዳ ላይ ቢቃጠል ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል፤ ቢጎዳም የሚያቃጥለውን ብቻ ነው» ላሉት እርማት አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

የሽቦው ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ክሎሪን አለበት። ሜዳ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል፤ ሰው የሚለፋለት መዳብ ራሱ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። መርዙ ከአመዱና ከጥላሸቱ ጋር መሬት ላይ ያርፍና አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዶሮ ያንን አፈር ትጭራለች። ዳይኦክሲን በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም እንቁላሏ ውስጥ ይገባል። በጋና ዋና ከተማ አክራ፣ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ይፈታታበት በነበረው አግቦግብሎሺ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ምርመራ በእንቁላል ውስጥ እጅግ ከፍተኛ ዳይኦክሲን አግኝቷል። ያንን እንቁላል የሚበላው ሕፃን እኮ ሽቦ ነክቶ አያውቅም! እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረትም በሠራተኛው ልብስና ጫማ ቤት ይገባል፤ ለልጆች አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም።

ይህን ስል ሠራተኞቹ ይባረሩ ማለቴ አይደለም። አግቦግብሎሺ በ2021 እ.ኤ.አ. ፈርሷል፤ ሥራው ግን ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተበተነ እንጂ አልቆመም። የሚሻለው ልባሱን ያለ እሳት መግፈፍ ነው። ወፍራሙን ሽቦ የልባስ መላጫ መሣሪያ በደንብ ይገፍፈዋል። የሚያስቸግረው ቀጭኑ ነው፤ ጊዜ ስለሚፈጅ ሰው ወደ እሳት ይመለሳል። ስለዚህ ቀጭኑን ሽቦ ከነልባሱ በሚያዋጣ ዋጋ የሚገዛ ከሌለ፣ መላጫ ማደል ብቻውን አይበቃም።