ዓርብ ማታ፣ ካራኦኬ፣ ክትፎ… ሒሳቡ ደግሞ «እኩል»

እሺ፣ ዛሬ ይውጣልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሰው ወይም የድሮ ጓደኛ ተሰባስቦ፣ ካራኦኬ ቤት ክፍል ተከራይቶ ልደት ማክበር ተለምዷል። ጥሩ ነው። ምግቡም ብዙ ቦታ አይታማም። ግን ለምንድነው ሁልጊዜ ዓርብ የሚሆነው?

ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት፣ እንዲሁም ገና ወይም ጥምቀት ከዋለበት ዓርብ በቀር፣ ለኦርቶዶክስ ዓርብ ጾም ነው። ይሄ ዜና አይደለም። ከመካከላችን ግማሹ እንደሚጾም አስተባባሪው አሳምሮ ያውቃል። ትዕዛዙ ሲሄድ ግን ክትፎ፣ ሽክላ ጥብስ፣ ዱለት። «ለጾመኞችስ?» ስንል አስተናጋጁ «በያይነቱ አልቋል፣ ሽሮ አለ» ይለናል። ያችው ሽሮ ለስንት ሰው ትመጣለች፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ የስልክ መብራት አብርተን፣ የጎረቤት ክትፎ ቅቤ እንዳይነካን እየተሳቀቅን እንበላለን።

ክፍሉ የሚከራየው ደግሞ በሰዓት ነው። 12 ሰዓት ተባለ፣ ሰው 1 ተኩል ላይ ይንጠባጠባል፣ ባለልደቱም ጭምር! በሰዓቱ የደረስን ሞኞች ባዶ ስክሪን እያየን ኪራይ እናስቆጥራለን።

ማይኩን ተዉት። በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፣ ሶፍት ደግሞ ሁሌ ያልቃል፤ ገና ሁለት ሦስት ዘፈን ሳይዘፈን ማይኩ በአዋዜና በቅቤ ይጨማለቃል፤ ያንን ነው እንግዲህ ከንፈራችን ሥር የምንደቅነው። በዚያ ላይ ዘፋኝ የሚያጎርስ አለ። ሰውዬው የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ጀምሮ፣ እንደምንም ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ጉርሻ! ትን ብሎት በስፒከር ሲያስለን ሁሉም ይስቃል። የራሱ ለብለብ ደግሞ ዘፍኖ እስኪመለስ ቅቤው ረግቶ ነጭ ሆኖ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ክትፎ እንዲህ ሲባክን እየጾምኩም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሒሳብ። «እኩል እንካፈል፣ ጓደኛሞች አይደለን እንዴ?» የሚለው ሁልጊዜ ውስኪ የጠጣው ነው። ሁልጊዜ! ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ደግሞ ዋጋ አይደለም። 1000 ብር ያላችሁት ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ሲገባ 1265 ብር ይሆናል። ሽሮ የቀመሰና አንድ አምቦ ውሃ የጠጣ ሰው ይሄንን ለሌላ ሰው ጥብስ ይከፍላል።

«በቴሌብር ላኩ» ሲባል አንዱ ኔትወርክ የለውም፣ አንዱ ነገ ይልካል፣ አንዱ ሽንት ቤት እንደሄደ ቀረ። የጎደለውን ማን ሞላ? እኛው ጾመኞቹ፤ ስላልጠጣን ሒሳብ ያዡም እኛ ነና።

ትንፍሽ ስትል «ቆንቋና» ትባላለህ። አልከፍልም አላልኩም። ለክፍሉ፣ ለኬኩ፣ ለባለልደቱ ድርሻ እኩል አዋጣለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ያልበላሁት ክትፎ ግን፣ ያውም በዓርብ፣ ኧረ በፈጠራችሁ!

ቅዳሜ አድርጉት። ዓርብ የግድ ከሆነም ቀድማችሁ ደውሉና በያይነቱ አስይዙልን። ሒሳቡም የጾመኛው ለብቻ እንዲመታ አስተናጋጁን ገና ስንገባ ንገሩት። መጨረሻ ላይማ ማን ይሰማል፣ ማይኩን የያዘው ውስኪ የጠጣው ነው።