ይድረስ ለክቡር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

ባሉበት፤ ማለትም ከካሸሯ ጀርባ፣ ከካላንደሩ በስተቀኝ

ጉዳዩ፦ ሜትር ከሃምሳ ፍራሽን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከወገቤ፣ ከግራ ትከሻዬና አልፎ አልፎም ከትዳሬ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለሱቁ ባለቤት ልጽፈው ነበር፤ የሉም። ለሻጩ ልጅ እንዳልጽፍ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ ጋሼ» ይለኛል። ለፋብሪካው እንዳልጽፍ «ከእኛ አልገዙም» ይለኛል። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከሥራ ገበታው የማይጠፋ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ የማይወጣ፣ ትናንት ያለውን ዛሬ የማያጥፍ አንድ እርስዎን ብቻ አገኘሁ። በቀይ ቀለም ተጽፈው፣ በላስቲክ ታሽገው፣ በአራት ምስማር ተመተው ቀጥ ብለዋል። እንዲህ ያለ ጽናት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

ዘመዶችዎንም አውቃቸዋለሁ። የአጎትዎ ልጅ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» ጂም ቤትና ሻወር ቤት ነው የሚሠራው። ታላቅ ወንድምዎ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» ደግሞ በሰፈራችን ሱቅ ግድግዳ ላይ ዕድሜውን ጨርሶ እስካሁን ጡረታ አልወጣም፤ እሱ ግን ቢያንስ ይቀልዳል። እርስዎ አይቀልዱም።

የተዋወቅነው ጳጉሜ 2 ቀን፣ መርካቶ ነው። ያን ሰሞን «የአዲስ ዓመት ልዩ ቅናሽ» ያልተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም፤ ከስንት ወደ ስንት እንደቀነሰ የሚያውቀው ለጣፊው ብቻ ነው። ሻጩ ልጅ ጋሼ ብሎ ተቀበለኝ፣ ኩርሲ አቀረበልኝ፣ ከዚያ ማሳያው ፍራሽ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ነጠረልኝ። «ይሄ ሜዲካል ነው። ዴንሲቲ 30። አስር ዓመት ዋስትና ተጽፎበታል፣ ያንብቡት።» አነበብኩት፤ እውነትም ተጽፎበታል። ሜዲካል ሲለኝ ወገብ የሚያክም መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚያሳክም ማለቱ ኖሯል። ደግሞ የሸጠልኝ እሱ የነጠረበትን አይደለም። የእሱ መንትያ ነው የተባለ፣ ከመጋዘን በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። መንትያ ሁሉ አይመሳሰልም።

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለችኝ ካሸሯ። ያለ ደረሰኝ 14 ሺህ፤ በደረሰኝ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮ 16 ሺህ 100። ነገ ከነገ ወዲያ ችግር ቢመጣ መረጃ ይሆነኛል ብዬ፣ ባለቤቴም ከቤት ስወጣ አደራ ብላኝ ስለነበር፣ በደረሰኝ አልኩ። ማሽኑ ጭር ጭር አለና አንድ ስንዝር ወረቀት ተፋ። ከግርጌው ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እርስዎ! እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እርስዎን በግል ለመተዋወቅ 2 ሺህ 100 ብር ከፍያለሁ። ግድግዳው ላይ በነጻ ይነበቡ ነበር።

ፍራሹ ጀሞ እስኪደርስ ያየሁትን አልዘረዝርም። ብሎካችን በር ላይ ስንደርስ ጫኝና አውራጆች ከየት መጡ ሳይባል ከበቡን። «እኔው እሸከመዋለሁ» ብላቸው «ይሸከሙት፤ የእኛን ግን ይክፈሉ» አሉኝ። ከፈልኩና ራሴው ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ አወጣሁት። (የእነሱ ደብዳቤ ለብቻው ይጻፋል፤ የሚያነብልኝ ከተገኘ።)

የመጀመሪያው ሌሊት ደህና ነበር። አዲስ ዕቃ ሲሆን ሽታው እንኳ ሽቶ ይመስላል። በሁለተኛው ሌሊት ጎኔ የአልጋውን ርብራብ መቁጠር ጀመረ፤ አስራ አንድ ናቸው፣ ሰባተኛው ጉጥ አለበት። በሦስተኛው ሌሊት ፍራሹ መሃሉ ላይ ገደል አበጀ። አባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ እዚህ ግን ድልድይ የለም። ከየትኛውም ጠርዝ ጀምሬ ብተኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን ታች አገኘዋለሁ። ባለቤቴም ከወዲያ ማዶ ተንከባልላ ትመጣለች። አንድ ቀን በሽሮ ጨው ተጣልተን ጀርባ ለጀርባ ለመተኛት ሞከርን። አልተቻለም! እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ሁለታችንም ገደሉ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘን፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ። በዚህ ቤት ማኩረፍ ቀርቷል።

ጠዋት ተነሥቼ መዳፌን ፍራሹ ላይ ጫን አድርጌ አነሣሁ። አምስቱም ጣቶቼ እንደ ሊጥ ላይ ታትመው ቀሩ። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ አራቱ ጠፍተዋል፤ አውራ ጣቴ ግን ገና እዚያው ነበረች።

ጳጉሜ 5 እርስዎ ዘንድ መጣሁ። «ዛሬ እኮ ዋዜማ ነው ጋሼ፣ ሰዉ አይታይዎትም?» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው፤ ዋዜማ ነበር። መስከረም 1 እና 2 ዝግ ነው። መስከረም 3 ተመልሼ መጣሁ።

«ላስቲኩን ቀድደውታል?»

«አዎ።»

«እህ! ላስቲኩ ከተቀደደማ…»

«ከነላስቲኩ ነበር መተኛት የነበረብኝ?»

«እሱን አላልኩም። ግን ላስቲኩ ከተቀደደማ…»

ይህችን ነገር ጨርሶልኝ አያውቅም። ቀጥሎ ጥፋቱ የአልጋው ሆነ። ከአልጋው አልፎ ወደ እኔ መጣ፦ «ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነዎት ጋሼ?» በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ እያዘነልኝ፣ «አንድ ወር ይተኙበት፣ ይለመዳል» አለኝ። 16 ሺህ ብር ከፍዬ ለፍራሹ ልለመድ ነው።

እዚህ ላይ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ አንድ ነገር ልናዘዝ። በእርስዎ ላይ ምስክር ቆጥሬብዎታለሁ። ስልኬን አውጥቼ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅን፣ ቁጥር 813/2006ን፣ ለልጁ አሳየሁት። የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለውም ይላል፤ ስለ ኪሎው መጠየቅ ከየትኛው እንደሚመደብ አላውቅም። እሱም ቢቀር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ያ ሕግ ሲወጣ አባቴ ገና የቄስ ተማሪ ነበሩ። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ከልቡ አነበበው፤ እያጎላ ሁሉ አነበበው። ከዚያ መለሰልኝና «ይሄ የመንግሥት ነው ጋሼ» አለ። ጣቱን ወደ እርስዎ ቀስሮ «የእኛ ያ ነው።»

በነጋሪት ጋዜጣ አልወጡም። ፓርላማ አልመከረብዎትም። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የወለደዎት። ግን ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እሺ፣ ዕቃው ሳይታይ አይወሰንም፤ ያምጡት» ተባልኩ። መስከረም 6 ፍራሹን ከአራተኛ ፎቅ አወረድኩ፣ ጫኝና አውራጆቹን ለመጫን ደግሞ ከፈልኩ፣ መርካቶ ደረስኩ። ከሱቁ ፊት ለፊት ሰው እየመዘነ ሳንቲም የሚለቅም ልጅ ሚዛኑን ዘርግቶ ተቀምጧል። እሱን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዴንሲቲ 30 ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። የእኔ ፍራሽ 1.50 በ1.90፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲም፤ ሲባዛ 0.57 ሜትር ኩብ ይመጣል። ስለዚህ 17 ኪሎ መሆን አለበት። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፦ 71። ፍራሹን አቅፌ ደግሜ ወጣሁ። የቆምኩበት ሚዛን ስለማይታየኝ ባለሚዛኑ ልጅ በሆዱ ተኝቶ ከሥር አነበበልኝ፦ «ሰማንያ ተኩል!» አለ ጮክ ብሎ። ዘጠኝ ኪሎ ተኩል፤ ያውም ከነጨርቁ። ተሸካሚዎቹ ከበው ያያሉ፣ አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» ብለው አማተቡ። እኔ ፍራሽ እንዳቀፍኩ የሒሳብ ማካፈል እየሠራሁ ነው። ዴንሲቲው 17 አይሞላም። 13ቱ የት ገባ?

ሮጬ ገብቼ ለሻጩ ነገርኩት። አላፈረም፣ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ስፖንጅ በኪሎ አይሸጥም እኮ። ድንች ነው እንዴ?»

ፍራሹ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ተመለሰ፤ ጉዳዩ ወደ ባለቤቱ ተመራ። ባለቤቱ ደግሞ የሉም። መስከረም 9 ዕቃ ሊያስገቡ ሄደዋል። «ነገ ይመለሱ» ተባልኩ። በነገታው ብመለስ ምሳ ወጥተዋል፤ «ከሰዓት ይመለሱ።» ከሰዓት ብመለስ ቀድመውኝ ሄደዋል። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ባለቤቱን አገኘኸው?» ትለኛለች። «ባለቤቱ የለም» እላታለሁ። «ለአንተ ባለቤት አለችህ፤ የፍራሹ ባለቤት ነው የጠፋው» ብላ ትራሷን ይዛ ሶፋ ላይ ትሄዳለች። ገደሉ ውስጥ ብቻዬን እቀራለሁ። መስከረም 11 ላይ ባለቤቱ ለመስቀል አገር ቤት መግባታቸው ተነገረኝ። እንኳን አደረሳቸው። መስከረም 12 አስራ አምስተኛው ቀን ሞላ።

ክቡርነትዎ፣ የገባኝ ያኔ ነው። እርስዎ ብቻዎን አይደለም የሚሠሩት። እርስዎ ግድግዳ ላይ ቆመው «አይመለስም» ይላሉ፤ ከታች ደግሞ «ነገ ይመለሱ» የምትባል ረዳት አለችዎ። ፍራሹ አይመለስም፣ ገንዘቡ አይመለስም፤ ሲመለስ የከረመው አንድ እኔ ነኝ። ዋዜማ፣ ዓውደ ዓመት፣ ምሳ፣ ዕቃ ማስገባት፣ መስቀል እየተባለ አስራ አምስቱ ቀን እንደ ቆሎ አንድ በአንድ ተቆረጠመ።

መስከረም 24 ባለቤቱን በዓይኔ አየኋቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ተነሥተው ጨበጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ደረሰኜን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀኑን አዩ፣ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። «ሃያ ሰባት ቀን!» አሉ በሐዘኔታ። «ወንድሜ፣ ሕጉ እኮ የሚለው በ15 ቀን ውስጥ ነው።»

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ሒሳቡን እሳቸው ከፍለውታል፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ነውር ነው።

ትናንት ጠዋት ከብሎካችን ሥር «ፍራሽ አዳሽ! ፍራሽ የሚያሳድስ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእናቴ የጥጥ ፍራሽ በየዓመቱ ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ፣ ሆዱ ተፈትቶ፣ ጥጡ በዱላ እየተነፋ በወስፌ ሲሰፋ ነው ያደግኩት፤ ያ ፍራሽ እኔንም ታናሾቼንም አሳድጎ ነው የተሰናበተው። በረንዳ ላይ ወጥቼ ሰውየውን ጠራኋቸው። አራት ፎቅ ወጥተው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ አውራ ጣታቸውን ገደሉ መሃል ሰደዱት። ጣታቸው ርብራቡን ነካ። አወጡትና አዩት።

«ይሄማ አይታደስም ልጄ» አሉኝ። ፍራሹን ዙሪያውን በስንዝር ለኩ። «ቢቆራረጥ ግን ለትራስ ይሆናል።»

አምስት ትራስ ወጣው። አንዱን አንገቴ ሥር አድርጌ ነው ይህን የምጽፍልዎ፤ ለትራስነትም ቢሆን ትንሽ ይሰምጣል። አንዱን ለእርስዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ምስማር ላይ ውሎ ማደር ለጀርባ ጥሩ አይደለም። በኋላ ግን መመለስ እንዳይሆንብኝ ብዬ ተውኩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ባለ ሰማንያ ተኩሉ

ግልባጭ፦
ለባለሚዛኑ ልጅ
ለባለቤቴ፣ ሶፋው ላይ
ለሱቁ ባለቤት፣ ካሉ