ዘረመል የይዞታ ካርታ አይደለም

ወሎ ውስጥ ዘር መቁጠር የቆየ ነው። በተለይ ለጋብቻ ሲሆን የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም እየተጠራ እስከ ሰባት ቤት ይኬዳል። አሁን አሁን ግን ቆጠራው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ መልኩን ቀየረ። አንዱ ስለ ጥንት አጥንት ዘረመል (ዲኤንኤ) ከተጻፈ ጥናት ቆንጥሮ ይለጥፍና «ይኸው፣ አገሩ የኛ ነበር» ይላል። ሌላው በሌላ ጥናት ይመልስለታል። ሁለቱም ጥናቱን አላነበቡትም ብዬ እጠረጥራለሁ።

እስኪ በራሳችን ሰባት ቤት እንሞክረው። አንድ ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሲሄድ እዚያ ደረጃ ላይ ብቻ እስከ 128 አያቶች ይኖሩታል። ስም እየጠራን የምናወርደው አንዱን ነው። ሌሎቹስ? ወሎ ላይ ከነሱ መካከል አማራም፣ ኦሮሞም፣ አርጎባም፣ አገውም ቢገኝ፣ ሼህም ቄስም ቢኖርበት ማን ይገረማል? ከአንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚወጣበት አገር ነው።

ስለ ጥንቱ ብዙ ያስተማረን ሰውዬ ከወሎ ርቆ ጋሞ ደጋ ላይ ነው የተገኘው። ሞታ የሚባል ዋሻ ውስጥ (የጎጃሟ ሞጣ አይደለችም) ከተቀበረ 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከጆሮው አጠገብ ካለው ጠንካራ አጥንት የወጣው ሙሉ ዘረመሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከአፍሪካ ጥንታዊ አጥንት እንዲህ ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች በጣም የሚቀርበው በደቡብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩት አሪዎች ነው። በብዙዎቻችን ደም ውስጥ ያለው ከመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የመጣ ድርሻ እሱ ጋ የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በሕይወት ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት ያንን መቀላቀል የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ላይ አስቀምጦታል። እንግዲህ «ንጹሕ ዘር» ፈላጊ ከዚህ ምን ይዞ ይሄዳል?

የሞታውን ሰውዬ ያጠኑት በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሳቸውን አረሙ። ይህ ድርሻ መላ አፍሪካን አዳርሷል ያሉት ከኮምፒውተር ሥራ ስህተት የመጣ ነበር፤ የምሥራቅ አፍሪካው ግን ጸና። እዚህ ፌስቡክ ላይ «ተሳስቼ ነበር» ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከባቲ ቁልቁል አፋር ሲገባ ሐዳር አለ፤ ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችበት። እሷንም የሚጠቅስ አይጠፋም። ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመት በዚያ ሙቀት ዘረመል አይተርፍም።

ወሎ ውስጥ ጥያቄው በተግባር የሚመጣው ላስታ ላይ ይመስለኛል። ከላሊበላ አለፍ ብሎ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ አለ። ከጀርባው የብዙ ሰው አጽም ተከማችቷል። ከሩቅ አገር የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል። ዘረመል ከየት እንደመጡ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል። በምን ቋንቋ እንደጸለዩ፣ ምን ብለው ራሳቸውን እንደጠሩ ግን አይነግረንም። ምርመራው ደግሞ አጥንት ተሰርስሮ የሚሠራ ነው። ያ አጽም ለአካባቢው ሰው ናሙና አይደለም፤ የሚከበር ሙት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ፈቃድ ይዞ መምጣት ብቻ አይበቃም። ካህናቱና የላስታ ሰው አስቀድመው ይጠየቁ፤ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ እነሱ ዘንድ ይመለስ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆችም ሥራው ውስጥ ይግቡበት እንጂ አጥንት ተሸካሚ ብቻ አይሁኑ። ካህናቱ እምቢ ካሉ ደግሞ አጥኚው ሌላ ቦታ ይፈልግ።