የባርባራ ጆርዳን ትልቁ ሥራ

የጥቁር አሜሪካዊቷ ፖለቲከኛ የባርባራ ጆርዳን ስም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1974 በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ለማንሳት ስለቀረበው ክስ ያደረጉትን ንግግር ነው። ንግግሩ ድንቅ ነበር። ከዚያ የሚበልጠው ሥራቸው ግን በዓመቱ በመራጮች መብት ሕግ ውስጥ የገባው፣ «ፈተና» የሚለውን ቃል ያሰፋው የትርጓሜ አንቀጽ ነው እላለሁ።

ጆርዳን በ1936 ሂዩስተን ተወለዱ፤ በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ጥብቅና የጀመሩት በወላጆቻቸው ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ ታችኛው ምክር ቤት ተወዳድረው ሁለቴም ተሸነፉ። ድምፅ የሚሰጠው ሂዩስተን ባለችበት አውራጃ፣ በመላው ሃሪስ ካውንቲ ስለነበር የጥቁሮቹ ሰፈር ድምፅ ይዋጥ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት ይመጣጠኑ ብሎ ወሰነ፤ ካርታው እንደገና ተሰመረ፤ በ1966 አሸንፈው ከ1883 ወዲህ በቴክሳስ ሴኔት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆኑ።

በ1973 ኮንግረስ ገቡ። (በ1979 ወንበራቸውን የተረከቡት ሚኪ ሌላንድ ናቸው፤ በ1989 ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ አገራችን ላይ ያለፉት።) የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ የሚቆጣጠረው ማንበብና መጻፍን በመሰለ ፈተና መራጭ የሚመልሱ ግዛቶችን ነበር። ቴክሳስ እንዲህ ያለ ፈተና ስላልነበራት አመለጠች። በ1975 ሕጉ ሲታደስ ጆርዳንና ባልደረቦቻቸው «ፈተና» የሚለውን ቃል አሰፉት፦ ከመራጭ ዜጎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአንድ አናሳ ቋንቋ ወገን ሆነው ሳለ የ1972ቱ ምርጫ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ከታተመ፣ ያው ፈተና ነው። በዚያ ላይ የተመዘገበው ወይም የመረጠው ከግማሽ በታች ከሆነ፣ የምርጫ ደንብ ለመቀየር የፌዴራል ፈቃድ ግድ ይላል። የራሳቸው ፓርቲ ሰው የነበሩት አገረ ገዥ ዶልፍ ብሪስኮ ቢቃወሙም ቴክሳስ ሙሉ በሙሉ ገባች። ቁጥጥሩ እስከ 2013ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ዘለቀ።

በዚያው ዓመት የገባው አንቀጽ 203 ዛሬም ይሠራል፤ የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲታተም ያስገድዳል። አሜሪካ ያለው ወገናችን እዚህ ላይ ልብ ይበል። ሕጉ በስም የሚጠራው አራት ወገን ብቻ ነው፦ የአሜሪካ ሕንዶች፣ የአላስካ ነባር ሕዝቦች፣ የእስያ ተወላጆችና የስፓኒሽ ዝርያ ያላቸው። በአንድ ካውንቲ ከ10,000 በላይ አማርኛ ተናጋሪ ዜጋ ቢኖርም አንቀጹ በአማርኛ አትሙ አይልም። ዋሽንግተን ዲሲ አማርኛን ያካተተችው በ2004 ባወጣችው በራሷ የቋንቋ ሕግ ነው። የሌላ ከተማ ነዋሪም ምክር ቤቱን እንዲህ ያለ ደንብ መጠየቅ ይችላል፤ የፌዴራሉን ትርጓሜ ማስፋት ግን የኮንግረስ ሥራ ነውና ደብዳቤው ለተወካዩ ይሂድ።

እስከዚያው በ1982 የተጨመረው አንቀጽ 208 አለ። ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ ድምፅ መስጫው ድረስ መግባት ይችላል፤ የማይፈቀዱት አሠሪው ወይም ወኪሉ፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። ልጅ እናቷን ልታግዝ ስትገባ የጣቢያው ሠራተኛ ከመለሳት፣ አንቀጽ 208ን ጠቅሳ የጣቢያው ኃላፊ እንዲመጣ ትጠይቅ።