ዝም በሉና ሞተሯን እንስማት

ሞተር ሳይክል በሰላም ስትነሣ የባለቤቷ ናት፤ አልነሣም ባለች ቅጽበት ግን የሰፈሩ ትሆናለች። መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ ከኋላ ተፈናጥጦ እንኳ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ያያታል፣ የሆነ ቦታዋን ይነካካል፣ ከዚያም የበሽታዋን ስም ያውጃል። ሰው ሲታመም ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ለመጭመቅ እንደሚሽቀዳደመው ነው፤ ልዩነቱ ለሞተር ምች የሚሆን ዳማ ከሴ እስካሁን አለመብቀሉ ብቻ ነው።

በምኖርበት የባሕር ዳር መንደር አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ያገለገለች ሞተር ገዛ። በእግር እየተረገጠች የምትነሣ ዓይነት አይደለችም፤ ያላት በቀኝ እጀታዋ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍባት አንዲት ቁልፍ ናት። መጀመሪያ ላይ ቁልፏ ስትነካ ሞተሯ ትነሣ ነበር፤ ቆይቶ ግን «ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ብቻ የምትልባቸው ጠዋቶች እየበዙ ሄዱ። መምህሩ ስለ ሞተር ያለው እውቀት ነዳጅ የሚቀዳበትን ቀዳዳ ከማወቅ ያለፈ ስላልነበረ ጉዳዩን በግቢው ውስጥ፣ በር ዘግቶ ሊያጤነው ይገባ ነበር። ነገር ግን የግቢው በር የሚከፈተው ጎሚስታው፣ የባጃጅ ማቆሚያውና የጀበና ቡናው ከሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነውና ሞተሯ ከነሕመሟ በየማለዳው ለሕዝብ ትቀርብ ነበር።

የሚገርመው ነገር፣ ከሞተር ሳይክል አካላት ሁሉ የኤሌክትሪክ ማስነሻን ያህል ሕመሙን አጥርቶ የሚናገር አለመኖሩ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ሪሌው ዘንድ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ ለሚያስነሣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) የሚያሳልፈው ማብሪያ ዘንድ፣ እንኳ አልደረሰም፤ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይም ቀዩ ማጥፊያ እንደተጫነ ቀርቷል፣ ወይም በፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ በሚያላቅቀው) እጀታና በጎን መቆሚያው ላይ ያሉት ትንንሽ ስዊቾች ፈቃድ ከልክለዋል ማለት ነው። አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሪሌው ትእዛዙን ሰምቷል፤ ኃይሉን ግን ለሞተሪኖው አላሳለፈም፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበትን ካርቦን በልቶ ጨርሷል። ሞተሪኖው ብቻውን «ዝዝዝ» እያለ እየተሽከረከረ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው፤ ሽክርክሪቱን ወደ ሞተሩ የሚያሻግረው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው ክፍል ነው የከዳው። የመምህራችን ሞተር የምትለው ተደጋጋሚው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ደግሞ በአብዛኛው ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ከባትሪው የሚነሡት ወፍራም ገመዶች የታሰሩበት ቦታ ላልቷል ወይም ዝጓል የሚል አቤቱታ ነው። ይህን ሁሉ ለመለየት ገንዘብም መሣሪያም አያሻም፤ የሚያሻው የአሥር ሰከንድ ዝምታ ነው። በእኛ መንደር ግን ከቤንዚን ይልቅ የሚጠፋው እሱ ነው።

ሞተሯ ገና ሁለተኛውን «ጠቅ» ሳትጨርስ ጎሚስታው ጎማ እየነፋ ከነበረበት ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ ካንዴላ ነው፤ በኔ ይሁንብህ» አለ። ካንዴላ ሞተሩ መዞር ከጀመረ በኋላ እሳት የሚሰጥ ነገር ነው፤ ያልዞረን ሞተር ሊያስቆም የሚችልበት መንገድ የለም። ይሁን እንጂ ጎሚስታው ቃሉን የሰጠው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ስለነበር ብዙ ሰው አመነው። በጡረታ ላይ ያሉት ጋሼ ከበረንዳቸው ወርደው ጥፋቱን ወደ ነዳጅ አዞሩት፤ በእሳቸው ዘመን ቤንዚን ቤንዚን እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ምን እንደሚቀላቅሉበት እግዜር ብቻ እንደሚያውቅ ዘርዝረው አስረዱ። ባትሪ ሊሆን ይችላል ወይ ተብለው ሲጠየቁም፣ «ልጄ፣ ክላክሱ ይጮህ የለም እንዴ! ታዲያ ባትሪው ምን ሆነ?» ብለው ክርክሩን ዘጉ። ክላክስና መብራት ጥቂት አምፔር ሲበቃቸው ሞተሪኖ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ እንደሚጎርስ የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም፤ ቢገኝም ጋሼን ማቋረጥ ነውር ነው። ቡና የሚያፈሉት እትዬ ደግሞ ከረከቦታቸው ሳይነሡ፣ «ዓይን ነው። በአዲስነቷ ፀበል እርጫት አላልኩህም?» አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ሞተሯን የማይጎዳው የእሳቸው ብቻ ነበር።

ስድሳ ተማሪዎችን በአንድ የጠመኔ ምት ጸጥ የሚያሰኘው መምህር እነዚህን ጥቂት ሽማግሌዎችና ጎልማሶች ዝም ማሰኘት አልቻለም። ቁልፏን ለአፍታ ተጭኖ ሲለቅቅ ከየአቅጣጫው «ያዘው! አትልቀቀው! ልትነሣ ነው እኮ!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ሞተሪኖ ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ የተሠራ ነውና ከአምስት ሰከንድ በላይ ሳይጨነቅ ሊያርፍና ሊቀዘቅዝ ይገባዋል። ሕዝቡ ግን ሞተርን የሚያነሣት ጽናት ነው ብሎ ስለሚያምን መምህሩ አውራ ጣቱ እስኪነጣ ድረስ ይጫን ነበር። ድምፁም ከ«ጠቅ ጠቅ» ወደ «ጥ… ጥ…» ወረደ፤ ተመልካቹም ይህን «ለውጥ አለ» ብሎ ተረጎመው።

በዚህ መሐል አንድ ባጃጅ ነጂ ካቻቢቴ ይዞ መጣና «ዳይሬክት እናርጋት» አለ። ሐሳቡ ከሰፈሩ ምክር ሁሉ ለሙያ የቀረበ እንደነበር መመስከር አለብኝ፤ በሪሌው ሁለት ወፍራም ጫፎች መካከል ብረት ሲጋደም ሞተሪኖው ከዞረ ጥፋቱ ሪሌው ዘንድ ወይም ከሪሌው በፊት ነው ማለት ነውና። ችግሩ ብልጭታው ነው። ጎሚስታው ቀደም ብሎ ካንዴላ ለማየት ሲል የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ ስለነበር ባጃጅ ነጂው ካቻቢቴውን ሊያሳርፍ ሲል ጋሼ «ቤንዚን!» ብለው ጮኹ፤ ዕድሜያቸው በማይፈቅደው ፍጥነት ወደ በረንዳቸው ተመለሱ። ሙከራው በዚሁ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሁላችንም የምንወደው መፍትሔ ነው፤ መግፋት። ደሴ ወይም ጎንደር ያለ ሞተረኛ ሞተሯን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ያድርና ጠዋት ማንንም ሳያስቸግር ይለቅቃታል። ባሕር ዳር ግን ጣና ዳር የተነጠፈ ሜዳ ስለሆነች ቁልቁለቱ ከሰው ጉልበት መፈጠር አለበት። መክፈቻ ቁልፉ ይዞራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮን ይያዛል፣ ወጣቱ ይገፋል፣ ፍጥነት ሲገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። መምህሩ ይህን ሁሉ እንደ ቀመር በቃሉ ይዞታል። ሞተሯን ግን ሁለት የስልክ እንጨት ያህል ከገፏት በኋላም አልተነሣችም፤ ምክንያቱም በምርመራው ወቅት ከመርማሪዎቹ አንዱ ቀዩን ማጥፊያ ነክቶት ነበር። ይህን ያየው ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን ልጅ ሲሆን፣ ደጋግሞ ቢናገርም «አንተ ዞር በል፣ ትረገጣለህ» ተብሎ ነበር። በመጨረሻ ቀዩ ተመልሶ ሞተሯ ስትነሣ እልልታ ቀለጠ፤ መምህሩም እያመሰገነ ወደ ሥራው በረረ።

እዚህ ላይ ነው የመግፋት ጉዳቱ። ሞተሯ በተነሣች ቁጥር ሕመሟ ይረሳል፤ የሚገፋ ሰው በነፃ እስካለ ድረስ ሞተሪኖ የሚያሠራ ሞኝ የለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ካዲላክ መኪኖቹን በኤሌክትሪክ ማስነሻ አቀረበና ዓለም እጀታ ከማሽከርከር መገላገል ጀመረች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ ኢንዲያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሄንዲ ስፔሻል የተሰኘች ባለ ኤሌክትሪክ ማስነሻ ሞተር ሳይክል ሠራ፤ ነገር ግን የዘመኑ ባትሪዎች ሸክሙን ስላልቻሉት ሞዴሏ ወዲያው ተቋረጠች። የእኛ ሰፈር ሰዎች በዚያ ቢኖሩ ኖሮ ሞዴሏ ለሠላሳ ዓመት በገበያ ላይ በቆየች ነበር፤ ይገፏት ነበራ!

መምህሩን ከዚህ ዑደት ያወጣው ዝናብ ነው። ክረምት ገብቶ የመንደሩ ሰው ከደጅ ሲጠፋ የሚገፋ በማጣቱ ሞተሯን በእጁ እየጎተተ ወደ ኤሌክትሪሻን ወሰዳት። ኤሌክትሪሻኑ ምንም አልጠየቀም፤ ሬዲዮውን አጠፋ፣ ቁልፏን አንዴ ተጫነ፣ አዳመጠ። በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት በዚያው ቅጽበት ስትፈዝ አየ። ከዚያ ቴስተሩን አውጥቶ ባትሪው ራስ ላይ ሲለካ 12 ቮልት ከነ ትርፉ አገኘ፤ ቁልፏ ተጭና እያለም ባትሪው ብዙ አልወረደም። ያው ቴስተር አንዱ ጫፍ ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል ሲዛወር ግን ቮልቱ ተንኮታኮተ። ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት የማሳ ገመድ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ብሎን ዝጎ አረንጓዴ ለብሷል። ብሎኑ ተፈታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ ተመልሶ ጠበቀ። የሥራው ዋጋ ከአንድ የጎማ መለጠፊያ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም።

በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ሰዉ ማዕዘኑ ላይ ተሰብስቦ ነበር። መምህሩ ቁልፏን ሲነካ ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሣች፤ ለመግፋት እጅጌውን ጠቅልሎ የነበረ ወጣትም ቅር አለው። ምን እንደነበረች ሲጠየቅ «ማሳ ነው» አለ። ጎሚስታው ወዲያው «ያው ከካንዴላ ጋር የተያያዘ ነው» አለ፤ ጋሼ ዝገቱን የፈጠረው የነዳጁ ውኃ እንደሆነ አብራሩ፤ ባጃጅ ነጂው ዳይሬክት ቢደረግ ኖሮ ያን ቀን ይታወቅ እንደነበር አስታወሰ። እትዬ ጀበናቸውን ጥደው፣ ፀበል የመሰለው የክረምቱ ዝናብ ካረፈባት በኋላ መዳኗን ልብ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። መምህሩም ለሁሉም በየሙያቸው አመስግኖ ቡና ጋበዛቸው፤ ሒሳቡ ሲመጣ ከኤሌክትሪሻኑ በልጦ ተገኘ።