የጥምቀት ክፍል ሲተርፍ ማን ይሽጠው?

ለጥምቀት ጎንደር የሆቴል ክፍል ይዞ መምጣት ያልቻለ ሰው ወይ ቀብዱን ይረሳል፣ ወይ የደረሰኙን ስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ገዢ ይፈልጋል። ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የተቋቋሙ ድረ ገጾች አሉ። እነ ስፔርፌር ገንዘቡ የማይመለስን የሆቴል ቦታ ከያዘው ሰው ወደ ሌላ ያሻግራሉ። ለጎንደርም እንዲህ ያለ መተግበሪያ ይሠራ የሚል አይጠፋም። በእኛ እምነት ግን ለከተማዋ የሚበጃት ሆቴሎቹ በጋራ የሚይዙት አንድ የተረፉ ክፍሎች ዝርዝርና ግልጽ የስም ማዛወሪያ ደንብ ነው።

ምክንያቱም ገበያው ጠባብ ነው። ሰው የሌላውን ቦታ የሚገዛው ሆቴል ሲሞላ ብቻ ነው። በሐምሌ ፒያሳ ላይ ቆሞ ሁለት ቦታ ደውሎ ክፍል የሚያገኝ እንግዳ ከማያውቀው ሰው ምን አስገዛው? ጥምቀትና የጥር ሠርግ፣ ከዚያም የዩኒቨርሲቲው ምረቃ፤ በቃ። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ኮሚሽን የሚተዳደር ድርጅት ዓመቱን አይዘልቅም።

ሕጉ እንቅፋት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1962 መሠረት፣ በሕግ ወይም በውል ካልተከለከለና የጉዳዩ ባሕርይ ካላገደው በቀር ባለመብት መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል። ቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል ይላል። 5,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ክፍሉን የተሻለ ለከፈለ የሰጠ ሆቴል 10,000 ብር ዕዳ አለበት ማለት ነው። ይህን ጠይቆ የሚያስከብር እንግዳ ግን ብዙ አይደለም።

ነገሩ የሚበላሸው ስክሪንሾቱ ላይ ነው። አንድ ምስል ለሦስት ሰው ይሸጣል፤ ሦስቱም በከተራ ዋዜማ ሻንጣ ይዘው እንግዳ መቀበያው ፊት ይቆማሉ። መታወቂያ ሲጠየቁ የአንዳቸውም ስም መዝገቡ ላይ የለም። ሻጩ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሸጥ እንኳ ቦታው በኢንተርኔት የተያዘ ከሆነ አካውንቱ በእጁ ስለሚቀር ከሸጠ በኋላ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ቦታውን በያዘበት ስልክ ወይም ኢሜይል ለሆቴሉ ይጻፍ፤ የገዢውን ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ ያስተላልፍ። ሆቴሉ የቀድሞውን የማረጋገጫ ቁጥር ሰርዞ በገዢው ስም አዲስ ማረጋገጫ ይስጥ። ገዢው ማረጋገጫው ሲደርሰው ለሆቴሉ ይከፍላል፤ ሆቴሉ ቁልፉን ባስረከበ ማግስት ለሻጩ በቴሌብር ይልካል። ገንዘቡ በቀጥታ ለሻጩ የሚሄድ ከሆነ ዝርዝሩ ከቴሌግራሙ በምንም አይሻልም።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን፣ በ2016 እንደሆነው፣ ወደ 20 ይገፋል። በ2020ም እንዲሁ ነው። በውጭ ድረ ገጽ በልማድ 18 ገብቶ 19 ሊወጣ የያዘ ሰው በበዓሉ ሌሊት ክፍል አይኖረውም። ዋጋውም ሙሉው ይገለጽ፦ 4,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 5,060 ይሆናል። 1,060 ብሩን ማን እንደሚከፍል ያልተነጋገረ ገዢ መቀበያው ላይ ይጣላል። ለአገር ውስጥ እንግዳ በተለየ ዋጋ የተያዘ ክፍል ለውጭ ዜጋ ከተላለፈም ሆቴሉ ልዩነቱን መጠየቁ አይቀርም።

ዳግም ሽያጩ መጀመሪያ ከተከፈለው ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ በአንድ መታወቂያም ከሁለት ክፍል በላይ አይዘርዘር። ይህ ገደብ ከሌለ ደላላው በኅዳር አሥር ክፍል ይዞ በጥር ይቸረችረዋል፤ የምናወራውም ስለ ተረፈ ክፍል መሆኑ ይቀራል።

ሆቴሎች ቀብዱን አስቀርተው ክፍሉን ራሳቸው መልሰው መሸጥ ሲችሉ ለምን ይተባበራሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በጊዜ የሰረዘ እንግዳ ሲኖር በእርግጥም ደግመው ይሸጡታል። ቀብዱ እንደማይመለስለት የሚያውቅ ሰው ግን ደውሎ ለመሰረዝ ምክንያት የለውም፤ ክፍሉ እስከ እኩለ ሌሊት ተይዞ ባዶውን ያድራል፣ እራትና መጠጡም ሳይሸጥ ይቀራል። የከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ዝርዝሩን ለማስጀመር ሆቴሎቹን ቢሰበስብ ከዚህ ሂሳብ ይነሳ። ማዛወሩም ጥር 9 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋ፤ በማግስቱ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ስም የሚቀይር ሠራተኛ አይገኝም።